ቢጫው ፕላስተር

ጋሽ ሽፈራው ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት፣ ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደወለችው ልጃቸው ሰላማዊት ናት። አላለቀሰችም፤ ወይ ደግሞ አልቅሳ ጨርሳ ነበር። "ብሩክ፣ አባዬ ዐረፈ" አለችኝ። ደም ግፊቱ ሌሊት ተነሥቶባቸው ሆስፒታል ሳይደርሱ እንዳለፉ፣ ቀብሩ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ነገረችኝ። ቀጥላም የሕይወት ታሪካቸውን እኔ እንድጽፈው፣ ቤተ ክርስቲያንም እኔው እንዳነበው ለመነችኝ። "ከአንተ በላይ ሥራውን የሚያውቅለት የለም" ስትለኝ አልቻልኩም፣ እዚያው ታክሲ ውስጥ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ምንም ሳይጠይቁኝ "አይዞህ ልጄ" ብለው ሶፍት ሰጡኝ።

ያን እንባ ዛሬ ባስመልሰው ደስ ይለኝ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ግን እንባዬ ይመለስልኝ።

ጋሽ ሽፈራው አለቃዬ ነበሩ። አለቃ ማለት ያንስባቸዋል እንጂ፣ ሙያውን እየቆረሱ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ፣ ምድር ቤቱ ሴራሚክ የሚሸጥበት አንድ ሕንፃ አለ። ሁለተኛ ፎቁ ላይ ውሃ የሚመረመርበት የግል ላቦራቶሪ አለ፤ አሁንም የምሠራው እዚያ ነው። በኬሚስትሪ ተመርቄ ስቀጠር ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጡኝና "እጠበው" አሉኝ። አጠብኩት። አሸተቱትና መለሱልኝ። እንደገና አጠብኩት፤ እንደገና አሽትተው መለሱልኝ። በአራተኛው ላይ ደሜ ፈላና "ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሸትዎት?" ብላቸው፣ "ችኮላህ" አሉኝ።

አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ሐምሌም ሆነ ግንቦት ቡናማ ሹራብ ከነጩ ጋወን ሥር የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ማኪያቶ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ ስኳር የጨመረ ሰው ሲያዩ ከልባቸው ያዝናሉ። ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ አይገኝም። እርሳስ ነው የሚይዙት፣ ምክንያቱም ወንዝ ዳር የተጻፈ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሄዳል፣ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ይቆያል። በዚያ እርሳስ የሚጽፉበት ትንሽ ደብተር አላቸው። የት ሄዱ፣ ስንት ሰዓት ቀዱ፣ ውሃው ምን ይመስል ነበር፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ለእኛ ለልጆቹ፣ "ሪፖርት ላይ ብትሳሳት ይታረማል፤ ደብተርህ ላይ ከዋሸህ ግን ለራስህ ነው የዋሸኸው፣ መድኃኒት የለውም" ይሉን ነበር።

ስለ ቢጫው ፕላስተር አሁን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

እንደ ሊድና አርሴኒክ ያሉ ከባድ ብረቶች ሊመረመሩበት የሚቀዳ ውሃ፣ ገና ከወንዙ ሲወጣ ጥቂት ጠብታ አሲድ ይጨመርበታል። ካልተጨመረበት ብረቱ ቀስ እያለ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ገሚሱም ይዘቅጣል። ሽሮ የከረመበት ፕላስቲክ ዕቃ ቢያጥቡት ቢያጥቡት ቢጫነቱ እንደማይለቀው ማለት ነው። ከዚያ ውሃውን ማሽን ላይ ስታወጣው ንጹሕ ነው ይልሃል። ማሽኑ አልዋሸም፤ መርዙ ጠርሙሱ ጋ ቀርቷል። ስለዚህ ጋሼ ወንዙ ዳር አሲዱን ጨምረው ሲያበቁ "ጨምሬያለሁ" ለማለት ክዳኑ ላይ ቢጫ ፕላስተር ይለጥፋሉ። መቀስ አይዙም፣ በጥርሳቸው ነው የሚበጥሱት። መቶ ጠርሙስ ቢደረደር የእሳቸውን ከተነከሰው ጫፍ እለየው ነበር።

ደንቡ ታዲያ ፕላስተር ማየት አይበቃም ይላል። ክዳኑን ስትከፍት ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ነክረህ መቅላቱን ማየት አለብህ። ካልቀላ አሲድ የለውም፣ ናሙናው አይለካም። እኔ የሌላውን ሰው ሁሉ እነክር ነበር። የጋሼን ግን አንድም ቀን ነክሬ አላውቅም። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የሳቸውን ማንም አይነክርም። የሳቸውን ጠርሙስ መፈተሽ፣ አባትህ ያጎረሰህን ጉርሻ ከአፍህ አውጥተህ ገልጠህ እንደማየት ነው፤ ነውር ነው። ነውር ፈርቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

ደግሞስ እንዴት ልጠርጥራቸው? ቦሌ ቡልቡላ ላይ ሕንፃ የሚያስገነባ አንድ ሰው ጉድጓድ አስቆፍሮ ውሃውን አስመረመረን። ውጤቱ መጥፎ ሆነ። ሰውዬው "ጠርሙሳችሁ ቆሽሾ ነው" ብሎ ተንጨረጨረ። ጋሼ አልተቆጡም። "ይቻላል" አሉትና ሦስት ጠዋት ተከታትለው፣ የበረዶ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በታክሲ እየሄዱ ራሳቸው ቀዱት። ሦስቱም ቀን ያው ሆነ። ከዚያ ስልኩ ጀመረ። ሰውዬው የማያውቀው ትልቅ ሰው የለም፤ እነሱ ሲደውሉ ጋሼ "አሁን ጠርሙስ እያጠብኩ ነው" ብለው ይዘጉታል። ውጤቱን እንዳለ ፈርመው ሰጡት። በዚያም አልበቃቸው፣ አንድ ኮፒ ይዘው እኔን አስከትለው ሄዱና ሕንፃው በር ላይ ያለችው የዘበኛው ቆርቆሮ ቤት ላይ በቢጫ ፕላስተር ለጠፉት። ከጉድጓዱ የሚጠጣው ዘበኛው ነዋ፣ ከነሚስቱ ከነልጆቹ። ማንበብ እንደማይችል ሲነግራቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው መስመር በመስመር አነበቡለት። ስንመለስ "ወረቀቱ የከፈለው ሰው ነው፤ ውሃው ግን የጠጪው ነው" አሉኝ። እኔም ይህችን ቃል ለስንቱ ሰው ስነግር ኖርኩ፣ የራሴ እስክትመስል ድረስ።

ኦቦ ጂሎ የመጡት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከአዲስ አበባ የሁለት ቀን መንገድ፣ ማዕድን ከሚወጣበት ቆላ የመጡ ረዘም ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፣ ቃሉን መዝነው ነው የሚያወጡት። የማዕድን አውጪው ኩባንያ ዝቃጩን የሚያጠራቅምበት ኩሬ አፈትልኮ ወንዛቸው ገብቷል ይላሉ። ከብቱ ይጨነግፋል፣ ልጆቹ ላይ ያልታወቀ በሽታ መጣ። በዚህ የተነሣ መንደሩ በሙሉ ወንዙን ትቶ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ከምንጭ ይቀዳል። ኩባንያው በበኩሉ ውሃው ደህና ነው አለ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው አዲስ አበባ ያለ ገለልተኛ ላቦራቶሪ ይፍረደን ተባባሉ፤ ፈራጆቹ እኛ ሆንን። ሽማግሌው ቃል ሊያስገቡን ብቻቸውን ነበር የመጡት። "ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ ነው በሉን፣ መርዝ ከሆነም መርዝ ነው በሉን" አሉ። "ሁለቱንም እንችለዋለን።"

ከኪሳቸው ግራጫ ድንጋይ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከኩባንያው ቁልል የወጣ ነው፣ ልጆቹ ይጫወቱበታል። ጋሼ ከመሳቢያ ጨረር መለኪያዋን አውጥተው ሲያስጠጉባት ያለማቋረጥ ተንጣጣች። ፊታቸው ተለወጠ። ድንጋዩን ከሽማግሌው ተቀብለው በቆርቆሮ ዕቃ ዘጉበት፣ ሁለተኛ በኪስ እንዳይያዝ፣ ልጆቹም እንዳይነኩት ደጋግመው አስጠነቀቁ። ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ግን ድንጋዩን መዝገብ ላይ ላሰፍረው ስል "የተጠየቅነው ውሃ ነው" አሉኝ። ገርሞኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ሌላ ሰው ቢለው እከራከር ነበር፣ እሳቸው ስላሉት ግን ያላየሁት ምክንያት አላቸው ብዬ ተውኩት።

ወንዙ ድረስ የሄዱት እሳቸው ናቸው። በሳምንታቸው ስምንት ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። በስምንቱም ክዳን ላይ ቢጫ ፕላስተር፣ ጫፉ የተነከሰ። የዚያን ሰሞን አሮጌው ማሽናችን ተበላሽቶ ነበር። አሮጌው ማሽን ሲበላሽ የሚጠግኑት ጋሼ ናቸው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅባቸውም። የዚያን ጊዜ ግን ስምንት ቀን ፈጀባቸው። ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ስምንት ቀን ተቀመጡ። እኔ እንኳን ልጠይቅ፣ አረጁ መሰለኝ ብዬ አዘንኩላቸው።

ለካሁት። ሁሉም ንጹሕ። ደስ አለኝ፤ ለሽማግሌው ብዬ። ሪፖርቱን አዘጋጅቼ እንደ ልማዴ እንዲፈርሙበት ስወስድላቸው እስክሪብቶውን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። "አንተ ፈርም፤ ደርሰሃል" አሉኝ። ከዚያ ቀን በፊት በራሴ ስም የወጣ ሪፖርት አልነበረኝም። ስሜን በሙሉ ጽፌ ፈረምኩ። ለምሳ ስወጣ እናቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት፣ እሷም ጎረቤት ጠርታ እልል አለች። እልልታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፣ አሁን ግን እንደ ስድብ ነው የሚሰማኝ።

ኦቦ ጂሎ ውጤቱን ሊወስዱ መጡ። ቁጭ አድርጌ፣ ልክ ጋሼ ለዘበኛው እንዳደረጉት፣ መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ወረቀቱን አጠፉትና በቀጥታ ዐይኔን እያዩ "እንጠጣው?" አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለመመለስ ልጅ ነበርኩ። ዞሬ ጋሼን አየሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው ጠርሙስ ያጥባሉ፣ ቧንቧው ተከፍቷል። ዞር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልዞሩም።

"ጠጡት፣ አባባ" አልኩ።

ሽማግሌው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ፣ በቋንቋቸውም መረቁኝ። እስኪወጡ ድረስ ጋሼ ያንኑ አንድ ጠርሙስ ያጥቡ ነበር።

በሁለተኛው ወር አዲስ ማሽን መጣልን። የማዕድን ኩባንያው ለሳይንስ እድገት ያበረከተው ስጦታ ነው ተባለ። ጋሼ ያን ዓይነት ማሽን ሲመኙ ዕድሜያቸው አልፏል። ፎቶውን ከመጽሔት ቆርጠው ቁም ሣጥናቸው ላይ ለጥፈውት ነበር። በአንድ ጠብታ ውስጥ አሮጌው ጨርሶ የማያየውን ሁሉ ያያል፤ ዩራኒየም ሳይቀር። ሳጥኑ ሲከፈት ሁላችንም አጨበጨብን። እሳቸው በመዳፋቸው ደባበሱትና ቀስ ብለው "በዚህ ስንት ወንዝ እናድናለን መሰለህ" አሉኝ። እኔ ጅሉ፣ ከደስታ የመጣ ንግግር መስሎኝ ትከሻቸውን አቀፍኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሌላ ሆኑ። ማኪያቶ አብረን መጠጣት ቀረ። ወንዝ ሂዱ ሲባሉ ወገቤን ይላሉ። አዲሱ ማሽን ላይ ቁጭ ብለው አይቻቸዋለሁ አልልም፣ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ጠርሙስ እጥበት ላይ ከረሙ። ዐምና ጡረታ ሲወጡ ኬክ ቆረስንላቸው። ንግግር አድርጉ ሲባሉ እምቢ አሉና ከጋወናቸው ኪስ ግማሽ ያለቀ ቢጫ ፕላስተር አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። "የማንንም ፕላስተር አትመን፤ የእኔንም ቢሆን ፈትሽ" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ከታክሲው ወርጄ በቀጥታ ወደ ለሚ ኩራ ሄድኩ። የሚኖሩት እዚያ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነበር። ሳሎኑ በለቅሶተኛ ተሞልቷል። ሰላማዊት መኝታ ቤታቸው አስገብታ የደብተሮቻቸውን ካርቶን ሰጠችኝ። "የሄደበት አገር ሁሉ እዚህ አለ፤ የሕይወት ታሪኩ ላይ አስገባለት" አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እየገለጥኩ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። የየወንዙ ስም፣ ሰዓቱ፣ የውሃው መልክ። በየገጹ መጨረሻ ላይ "አሲድ" የምትል ዓምድ አለች፤ ከሥሯ በየመስመሩ "ገባ፣ ገባ፣ ገባ" ይላል። የጽሑፋቸው ንጽሕና ራሱ አስለቀሰኝ።

የኦቦ ጂሎ ወንዝ ጋ ደረስኩ። ስምንት መስመር። "አሲድ" ከሚለው ሥር ስምንት ጊዜ "አልገባም" ይላል። ከታች ፊርማቸው።

ደግሜ አየሁት። ሠለስኩት። ረስተው ይሆናል እንዳልል፣ የረሳ ሰው ስምንት ጊዜ አልገባም ብሎ አይጽፍም፤ ጽፎም ሲያበቃ ስምንት ጊዜ ፕላስተር በጥርሱ አይበጥስም። ለካ ያ ስምንት ቀን የማሽን ጥገና አልነበረም፣ ብረቱ ግድግዳው ላይ እስኪለጠፍ መጠበቂያ ነው። ለካ "ደርሰሃል" ማለት እሳቸው እጃቸውን እንዳያስገቡ ነው። ደብተራቸውን መዋሸት አልቻሉም፤ እኔን ግን ቻሉ። ከደብተር አነስኩ። ከሳሎን የለቅሶው ድምፅ ይመጣል፣ እኔ ባዶ አልጋቸው ላይ ተቀምጬ፣ ስድስት ዓመት አንቱ ያልኩትን ሰው ድምፄን አውጥቼ "አንተ!" አልኩት። "አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግኩህ?"

ደብተሩን ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ሮጥኩ። ዕቃ ቤቱ ታችኛው መደርደሪያ ላይ "የማዕድኑ። አይጣል" የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን እንደነበረ አውቃለሁ፤ ጽሑፉ የሳቸው ስለነበር ማንም ነክቶት አያውቅም። ስምንቱም ከነተረፋቸው ውሃ አሉ። ቢጫውን ፕላስተር ልጬ ሊትመስ ወረቀቱን ነከርኩ። ሰማያዊ ገባ፣ ሰማያዊ ወጣ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ እስከ ስምንተኛው። ያን ጊዜ አንዷን ብቻ ነክሬ ቢሆን ኖሮ! አሲዱን ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ ጨመርኩበት፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እንዲያስለቅቀው እስከ ማግስቱ ተውኩት። ዓርብ ጠዋት በዚያው በስጦታው ማሽን ለካሁት። ሊዱ፣ አርሴኒኩ፣ ዩራኒየሙ፣ ሁሉም ተንጠራርተው ወጡ። ለመጠጥ ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ።

ያኔ በሞላነው የናሙና ቅጽ ላይ በነበረው ቁጥር ኦቦ ጂሎ ጋ ደወልኩ። ሊያገኙዋቸው አይችሉም ይላል። ሃያ ጊዜ ሳልደውል አልቀርም። አዲሱን ውጤት አትሜ ፈረምኩበት፤ በአንዱ ኪሴ ውጤቱን፣ በሌላው የሕይወት ታሪኩን ይዤ ወደ ቀብር ሄድኩ።

አነበብኩ። መቼ እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ስንት ወንዝ እንደቀዱ። ሰላማዊት ከማንበቤ በፊት ሳሳያት ጽሑፌ መጨረሻ ላይ በእጇ "ሙያቸውን በፍጹም ታማኝነት ያገለገሉ" የሚል ጨምራ ነበር። እዚያ ስደርስ ዘለልኩት። ከግብዓተ መሬቱ በኋላ ክንዴን ይዛ "ለምን ዘለልከው?" አለችኝ። "ዐይኔ ስቶት ነው" አልኳት። እሷም አላመነችኝም፣ እኔም እንድታምነኝ አልለፋሁም።

እሑድ ሰልስት ነው። ድንኳኑ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተክሏል። ከምሳ በኋላ ሰው ሳሳ ሲል አንድ ረዥም ሽማግሌ አቧራ ለብሰው፣ ጨርቅ ቦርሳ ተሸክመው ገቡ። ገና በቁመታቸው ዐወቅኋቸው። ሰላማዊት በአባቷ ስልክ ላይ ላለው ሰው ሁሉ መርዶ ስትልክ ለእሳቸውም ደርሷቸው ኖሯል፣ እኔ ሃያ ጊዜ ስደውል እሳቸው መንገድ ላይ ነበሩ። አንገቷን አቅፈው ወንድሙ እንደሞተበት ሰው አለቀሱ። "አባትሽ በየበዓሉ ይደውሉልኝ ነበር" ሲሏት እሰማለሁ። "ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ማን እንዲህ ይጠይቃል?"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እየደወለ ይጠይቅ ነበር። ይጠይቅና ስልኩን ይዘጋል። አንድ ቃል እኮ ነበረች የምትበቃው።

መጥተው አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው "የውሃው ልጅ" አሉኝ። ሰላማዊት ምግብና የታሸገ ውሃ አቀረበችላቸው። ምግቡን ተቀበሉ። ውሃውን ግን በእጃቸው ገፋ አድርገው "የሰው አገር ውሃ ሆዴን አይስማማውም፣ የቤቴን ይዣለሁ" አሉ። ከቦርሳቸው ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ክዳኑን ከፈቱ።

እጄ ከእኔ ቀደመ። ጠርሙሱን ከነእጃቸው ያዝኩት።

"አይጠጡት፣ አባባ።"

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ነገርኳቸው። አሲዱን፣ ፕላስተሩን፣ ደብተሩን፣ ያልነከርኩትን ወረቀት፣ ሁሉንም። ውጤቱን ከኪሴ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት። ሰላማዊት ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ትሰማለች። ስጨርስ "ለዚህ ነው የዘለልከው" አለች። አዎ አልኳት። ሳህኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ወደ ደረጃው ሄደች፤ አልተመለሰችም።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ የሳቸው ስልክ ባትሪ ስለጨረሰ የእኔን ጠየቁኝ። ቁጥሩን በቃላቸው እየነገሩኝ ደወልኩላቸው። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፣ እየቆየ ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔ ከዚያ ሁሉ የገባኝ "ቢሻን" የምትለዋ፣ ውሃ ማለት ነው፣ እሷን ደጋገሟት። ስልኩን መለሱልኝና "የልጄ ልጅ ልትቀዳ ወርዳለች አሉኝ። ሮጣችሁ መልሷት ብያለሁ" አሉ።

የጠርሙሱን ክዳን መልሰው አጠበቁት። ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

"ይሄንንም መርምረው።"

"እመረምረዋለሁ፣ አባባ።"

"ማን ይፈርምበታል?"

"እኔ እፈርማለሁ" አልኳቸው።

"አንተማ ያን ጊዜም ፈርመህልናል" አሉኝ።